የዩኒቨርሲቲ የማስተማርና የምርምር ሥራ፦ ከማስታወቂያው እስከ ውሉ

የመምህር ወይም የተመራማሪ ቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ ብዙ አመልካች ባለፈው ዓመት የጻፈውን ደብዳቤ ይከፍትና የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ ቀይሮ ይልካል። ደብዳቤው በራሱ መጥፎ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ቅጥር ኮሚቴው ፊት ያለው ሌላ ወረቀት ነው፦ በማስታወቂያው ላይ ከሰፈሩት መስፈርቶች የተሠራ ሠንጠረዥ። በአንድ በኩል የአመልካቾች ስም፣ በሌላው በኩል መስፈርቶቹ፣ በየሳጥኑ ደግሞ ነጥብ። ማስረጃ ያልተገኘለት ሳጥን ባዶ ይቀራል። ብቃቱ እያለው ያልጻፈውም ሰው ሳጥኑ ያው ባዶ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ የሚያመራው ወደዚያ ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱን ሳጥን ሌላ ሰው አይቶ ሊያረጋግጠው በሚችል ማስረጃ መሙላት።

የሥራው መጠሪያ ብቻውን አይበቃም

አንድ መጠሪያ ከአገር አገር የተለያየ ሥራ ይሸፍናል። በብሪታኒያ ሌክቸረር ማለት አብዛኛውን ጊዜ ምርምርንም ማስተማርንም የያዘ መደብ ሲሆን በአሜሪካ ካለው ረዳት ፕሮፌሰር ጋር ይቀራረባል። በአሜሪካ ሌክቸረር የሚባለው ግን በአብዛኛው ለማስተማር ብቻ በኮንትራት የሚቀጠር ነው። ስለዚህ ከመጠሪያው በፊት ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ፦ ውሉ ቋሚ ነው ወይስ በጊዜ የተገደበ? ከሥራ ሰዓቱ ምን ያህሉ ለምርምር ተመድቧል? ደመወዙ የሚከፈለው ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት ነው ወይስ ከአንድ ፕሮጀክት ግራንት (ለምርምር ከሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ)? ከግራንት የሚከፈል ደመወዝ ግራንቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

የአሜሪካ ማስታወቂያ “ቴኑር ትራክ” ካለ፣ ቅጥሩ በሙከራ ዘመን ተጀምሮ በግምገማ ወደ ቋሚነት ይሸጋገራል ማለት ነው። የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1940 ያወጣው መግለጫ የሙከራ ዘመኑ ከ7 ዓመት እንዳይበልጥ ያሳስባል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ግምገማውን በ6ኛው ዓመት ያካሂዳሉ። ያላለፈው ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተሰጥቶት ይሰናበታል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2002 በሕግ የገባው የጁኒየር ፕሮፌሰርነት መደብ በመካከሉ ግምገማ ያለበት የ6 ዓመት ገደማ ውል ነው። በማስታወቂያው ላይ “ቴኑር ትራክ” የሚል ቃል ከሌለ ከዚያ በኋላ ቦታው ይቀጥላል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

የፖስትዶክ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ የሚሠራ በጊዜ የተገደበ የምርምር ሥራ፣ ቅጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ነው። እዚህ ላይ አመልካቾችን ሳያውቁት የሚጥላቸው የጊዜ ቆጠራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶውስካ ኪዩሪ የፖስትዶክ ድጋፍ ፒኤችዲ ከተያዘ ከ8 ዓመት በላይ የሆነውን አመልካች አይቀበልም፤ ወላጅነት፣ ሕመምና መሰል ምክንያቶች ግን ከቆጠራው ይቀነሳሉ። በተጨማሪም አመልካቹ ከማመልከቻው የመዝጊያ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ፣ ሊሄድበት ባሰበው አገር ከ12 ወር በላይ ኖሮ ወይም ሠርቶ መሆን የለበትም። በጀርመን ደግሞ ሕጉ በጊዜ የተገደበ የምርምር ቅጥርን ከፒኤችዲ በፊት 6፣ ከፒኤችዲ በኋላ 6 ዓመት ላይ ይገድበዋል፤ በሕክምና ሳይንስ ሁለተኛው 9 ይሆናል። እነዚህን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ አስልተው ይያዙ። የፒኤችዲው ቀን የሚባለው መመረቂያ ጽሑፉን የተከላከሉበት ነው ወይስ ዲግሪው የተሰጠበት የሚለውም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሁለቱንም ይጻፉ።

በአንዳንድ አገሮች ከማመልከቻው በፊት ብሔራዊ ብቃት ማረጋገጫ ማግኘት ግድ ነው። በፈረንሳይ “ሜትር ደ ኮንፌራንስ” ለሚባለው ቋሚ የመምህርነት መደብ፣ በስፔን ደግሞ ለቋሚ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ይህ ይጠየቃል። ሂደቱ ወራት ስለሚፈጅ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ቢጀመር አይደርስም።

የማስተማር ጫናው በቁጥር ሲጻፍ “2–2” ማለት በየሴሚስተሩ ሁለት ኮርስ፣ “4–4” ማለት በየሴሚስተሩ አራት ኮርስ ነው። በአራት ኮርስ ላይ ምርምር መሥራት ይቻላል፤ ግን የሚሠራው በእረፍት ወራት እንደሆነ አስቀድሞ አውቆ መግባት ያስፈልጋል።

የት እና መቼ መፈለግ

ምንጮቹ ጥቂት ናቸው። በአውሮፓ የአውሮፓ ኮሚሽን የሚደግፈው ዩራክሰስ፣ በብሪታኒያ ጆብስ ኤሲ ዩኬ፣ በአሜሪካ ሃየር ኤድ ጆብስና አካዳሚክ ጆብስ ኦንላይን ብዙውን ይሸፍናሉ። በእነዚህ ላይ የሙያ ማኅበርዎን የኢሜይል ዝርዝርና የሚፈልጓቸውን አሥር ያህል ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን የቅጥር ገጽ ይጨምሩ። ማስታወቂያ ሌላ ቦታ ላይ ካገኙ ሁልጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲው ገጽ ሄደው ያረጋግጡ። በነፃ የኢሜይል አድራሻ የሚጻጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ “ተቀብለንዎታል” የሚል፣ ለቪዛ ማስኬጃ ገንዘብ በግለሰብ ስም ላኩ የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

የአሜሪካ ቅጥር ወቅት አለው። ማስታወቂያዎቹ በብዛት ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ይወጣሉ፤ የቪዲዮ ቃለ መጠይቁ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ፣ የግቢ ጉብኝቱ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ድረስ ተሂዶ የሚደረገው ቃለ መጠይቅ፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ይሆናል፤ ሥራው የሚጀመረው በቀጣዩ ኦገስት ወይም ሴፕቴምበር ነው። ስለዚህ ሰነዶቹ በጁላይ መጨረሻ ተዘጋጅተው መገኘት አለባቸው። በብሪታኒያና በአብዛኛው አውሮፓ ማስታወቂያ ዓመቱን ሙሉ ይወጣል፤ የማመልከቻው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ነው።

ማስታወቂያውን ቃል በቃል መበተን

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ብዙዎች ግን በአንድ ንባብ ያልፉታል። ባዶ ሠንጠረዥ ይክፈቱ። በግራው ዓምድ እያንዳንዱን መስፈርት በማስታወቂያው በራሱ ቃል ይቅዱ። አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት መስፈርት ከያዘ ለሁለት ይክፈሉት። “በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ የማስተማር ልምድ” ሁለት ሳጥን ነው። በመካከለኛው ዓምድ ማስረጃዎን፣ በቀኙ ደግሞ ማስረጃው በየትኛው ሰነድ እንደሚገኝ ይጻፉ።

ማስረጃ ስንል ምን ማለታችን ነው? “ሰፊ የማስተማር ልምድ አለኝ” የሚለው ማስረጃ አይደለም፤ ሁሉም አመልካች ይህን ይጽፋል። “የናሙና አመራረጥ ዘዴዎችን ለ2 ሴሚስተር፣ በድምሩ ለ38 የማስተርስ ተማሪዎች አስተምሬያለሁ፤ የኮርስ አውትላይኑንም ፈተናዎቹንም ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ” የሚለው ግን ሳጥኑን ይሞላዋል። ኮርስ፣ ጊዜ፣ የተማሪ ቁጥር፣ የራስ ድርሻ፤ እነዚህ አራቱ ካሉ አንባቢው ሌላ አይጠይቅም። “ቡድን የመምራት ችሎታ” ለሚለውም ስንት ተማሪ እንዳማከሩ፣ ምን ላይ እንደደረሱ፣ የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን አሳትመው እንደሆነ ይጻፉ።

የብሪታኒያ ማስታወቂያዎች መስፈርቶቹን “አስፈላጊ” እና “ተመራጭ” ብለው ይከፍሏቸዋል። አስፈላጊ ከተባሉት አንዱን በግልጽ ካላሟሉ ኮሚቴው ቢወድድዎትም ሊያሳልፍዎት ይቸገራል፤ ሌላ አመልካች ቅሬታ ሊያነሳ ይችላልና። ተመራጭ ከተባሉት ሁለት ሦስቱ ቢጎድሉ ግን ማመልከትን አይተዉ። ተመራጭ የሚባሉት ከእኩል ተወዳዳሪዎች ለመምረጥ የሚያገለግሉ ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቁቅ ሰዎች ራሳቸውን ያለአግባብ ከውድድር ያወጣሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነናል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚቀሩት በትክክል የሚያስፈልጉት ሰዎች ናቸው።

ቀጥሎ የትምህርት ክፍሉን ድረ ገጽ ይክፈቱ። የመምህራኑን ዝርዝር ከኮርሶቹ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። በየዓመቱ መሰጠት ኖሮበት ቋሚ መምህር የሌለው ኮርስ አለ? በቅርቡ ጡረታ የወጣ ሰው ምን ያስተምር ነበር? አዲስ የማስተርስ ፕሮግራም ተከፍቷል? ማስታወቂያው የተጻፈው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ደብዳቤዎ ውስጥ “ይህንን ኮርስ በመጀመሪያው ሴሚስተር ማስተማር እችላለሁ” ብለው ኮርሱን በስሙ ቢጠሩ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ትልቁን ጭንቀት ያቀሉለታል።

ማስታወቂያው ለጥያቄ የሚገኝ ሰው ስም ካስቀመጠ ይጻፉለት፤ አጭር ይሁን። ራስን በሁለት ዐረፍተ ነገር ካስተዋወቁ በኋላ ከማስታወቂያው ሊገኝ የማይችል አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ለምሳሌ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠበቀው የማስተማር ጫና፣ ወይም የሚያስፈልግዎ መሣሪያ በጋራ ቤተ ሙከራው መኖሩን። “ብቁ ነኝ ወይ?” ብለው ሲቪ አያይዘው አይላኩ፤ ከኮሚቴው በፊት ማንም ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ነው።

ሰነዶቹ

የማመልከቻ ደብዳቤው ከ1 እስከ 2 ገጽ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ የቦታውን መጠሪያና መለያ ቁጥር፣ አሁን ያሉበትን ቦታ፣ ፒኤችዲዎ የተጠናቀቀበትን ወይም የሚጠናቀቅበትን ቀን ይናገር። ዲግሪው ገና ከሆነ “በቅርቡ” አይበሉ፤ መመረቂያ ጽሑፉ የሚቀርብበትን ወር ጽፈው ከአማካሪዎ ማረጋገጫ ያያይዙ። ከዚያ ምርምር አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ፣ ማስተማር አንድ አንቀጽ፣ ለዚህ ትምህርት ክፍል የሚሰጡት ነገር አንድ አንቀጽ። ቦታው በዋናነት የማስተማር ከሆነ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። የማስተማር ቦታ ላይ ሦስት አንቀጽ ስለ ምርምሩ የጻፈ ሰው ዕድሉን ባገኘ ጊዜ ጥሎ እንደሚሄድ ተደርጎ ይነበባል።

ሲቪው ረጅም መሆን ይችላል፤ የተዝረከረከ ግን አይሁን። የታተሙ ጽሑፎችን በአቻ ግምገማ ያለፉ፣ የመጽሐፍ ምዕራፎች፣ የጉባኤ ጽሑፎች፣ ሌሎች ብለው ይለያዩ። በግምገማ ላይ ያለን ጽሑፍ ከታተመው ጋር መደባለቅ እምነት ያሳጣል። “ተቀባይነት አግኝቷል” የሚባለው ከአርታኢው ደብዳቤ ያለው ብቻ ነው። በጋራ በተጻፉት ላይ የራስዎን ድርሻ በአንድ መስመር ይግለጹ። ባለ 16 አሃዙን የኦርኪድ መለያ ቁጥር ያስገቡ፤ በነፃ የሚወጣ ሲሆን ስማቸው በተለያየ የላቲን ፊደል አጻጻፍ ለሚታተም ተመራማሪዎች ደግሞ ሥራቸውን በአንድ ላይ የሚሰበስብላቸው እሱ ነው። ከሥራው ጋር የማይገናኝ የግል መረጃ፣ ለምሳሌ የጋብቻ ሁኔታ ወይም የሃይማኖት መግለጫ፣ አይጨምር።

ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ ጆርናሎች ላይ የወጡ ጽሑፎች ጉዳት ያመጣሉ። ከኮሚቴው አንድ ሰው የጆርናሉን ስም ካወቀው የቀረው ዝርዝርዎ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። በጥቂት ቀናት ውስጥ “ተቀባይነት አግኝቷል” የሚል፣ የአርታኢዎቹ ቦርድ አባላት መኖራቸው የማይረጋገጥ፣ የክፍያውን መጠን ከተቀበለ በኋላ የሚናገር ጆርናል ይራቁ።

አንዳንድ ቦታዎች ደግሞ በትረካ መልክ የተጻፈ ሲቪ ይጠይቃሉ። ይህን መልክ የብሪታኒያው ሮያል ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2019 አስተዋውቆታል። አራት ክፍል አለው፦ ለዕውቀት ያበረከቱት፣ ሌሎችን በማብቃት ያበረከቱት፣ ለምርምሩ ማኅበረሰብ ያበረከቱት፣ ለሰፊው ኅብረተሰብ ያበረከቱት። እዚህ ውስጥ የጆርናል ደረጃ ቁጥር (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን) ማስገባት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ግምገማ መግለጫ፣ በአጭሩ ዶራ፣ ተመራማሪን በጆርናሉ ቁጥር መመዘንን ይቃወማል፤ የፈረመ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴም ቁጥሩን እንደ ማስረጃ መጠቀም የለበትም።

የምርምር ዕቅዱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ገጽ ሲሆን ከሰነዶቹ ሁሉ በጣም የሚከብደው ነው። የተለመደው ስህተት ሁለት ገጽ ስላለፈ ሥራ ጽፎ የወደፊቱን በአንድ አንቀጽ መዝጋት ነው። ያለፈው ሥራ በሲቪው አለ። ከገጹ ሢሶው ላለፈው፣ ቀሪው ለሚቀጥሉት 5 ዓመታት ይሁን። በቅድሚያ አንድ ትልቅ ጥያቄ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስቀምጡ፤ የሙያው ሰው ያልሆነ የኮሚቴ አባል ሊረዳው በሚችል ቋንቋ። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ፕሮጀክት። ለእያንዳንዱ፦ ጥያቄው፣ ዘዴው፣ አሁን በእጅ ያለው መረጃ ወይም የመጀመሪያ ውጤት፣ የሚያስፈልገው መሣሪያና ሰው፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ መቼ እንደሚጠበቅ፣ ገንዘቡ ከየትኛው ድጋፍ ሰጪ እንደሚጠየቅ። አንዱ ፕሮጀክት በ18 ወር ውስጥ ውጤት የሚሰጥ፣ አንዱ ደግሞ ድፍረት ያለበት ይሁን። ሦስቱም አስተማማኝ ከሆኑ ዕቅዱ ትንሽ ይመስላል፤ ሦስቱም ደፋር ከሆኑ የሙከራ ዘመኑ ሳይደርሱ ያልቃል።

ኮሚቴው በዝምታ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይህ ሥራ ከቀድሞ አማካሪው ሥራ በምን ይለያል? መልሱን በግልጽ ይጻፉ። “ከአማካሪዬ ጋር የሠራነው የመጀመሪያውን ምላሽ ነበር፤ እኔ የምይዘው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ በዚህ አከፋፈልም ተስማምተናል” የመሰለ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። አማካሪውም በድጋፍ ደብዳቤው ያንኑ ቢያረጋግጥ ጥያቄው ይዘጋል።

የማስተማር መግለጫው 1 ወይም 2 ገጽ ነው። “ተማሪ ተኮር ነኝ” ብሎ የሚጀምር መግለጫ ብዙ ነው። ይልቁንም አንድ ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን ጽንሰ ሐሳብ ይምረጡ፤ ለምን እንደሚሳሳቱ፣ እርስዎ ምን እንዳደረጉ፣ በፈተናው ላይ ምን እንደተለወጠ ይግለጹ። የተማሪዎች ምዘና ካያያዙ አማካይ ነጥቡን ብቻውን አያቅርቡ። ከክፍሉ ስንቱ እንደሞሉት፣ የትምህርት ክፍሉ አማካይ ስንት እንደሆነም ይጻፉ። ከ60 ተማሪ 7ቱ ብቻ የሞሉት የ4.9 አማካይ ብዙ አይናገርም። ማስተማር ያልጀመረ አመልካች ደግሞ ሊሰጠው የሚችለውን የአንድ ኮርስ አውትላይን፣ ሳምንት በሳምንት ከምዘናው ጋር አዘጋጅቶ ያያይዝ።

የድጋፍ ደብዳቤዎች

ብዙውን ጊዜ 3 ደብዳቤ ይጠየቃል፤ በብሪታኒያ ብዙ ቦታ ግን ስምና አድራሻ ብቻ ይወሰድና ደብዳቤው የሚጠየቀው ለመጨረሻ ዙር ያለፉት ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱ የፒኤችዲ አማካሪ ይሁን፤ እሱ ከሌለበት ሁሉም ለምን ይላል። ቢያንስ አንዱ አብሮዎት ያልጻፈ፣ ከሌላ ተቋም የሆነ ሰው ቢሆን ክብደት ይጨምራል። ለማስተማር ቦታ ክፍል ገብቶ ሲያስተምሩ ያየ ሰው ያስፈልጋል።

ከመዝጊያው ቀን ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድመው ይጠይቁ፤ አጠያየቁም ለእምቢታ በር የሚከፍት ይሁን፦ “ለዚህ ቦታ ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚያስችል ያህል ሥራዬን ያውቁታል ብለው ያስባሉ?” የሚያመነታ ሰው የሚጽፈው ለዘብ ያለ ደብዳቤ ከእምቢታ ይከፋል። እሺ ካሉ ማስታወቂያውን፣ ሲቪውን፣ የምርምር ዕቅዱን፣ የመዝጊያ ቀኑንና ደብዳቤው የሚላክበትን መንገድ በአንድ ኢሜይል ይላኩላቸው። ሦስት ነጥብም ይጠቁሙ፦ “እርስዎ በቅርብ ያዩት ይህንን የሙከራ ዘዴ ስዘረጋ ነው” እንደማለት። ከመዝጊያው አንድ ሳምንት በፊት አንዴ፣ ከሁለት ቀን በፊት አንዴ በትሕትና ያስታውሱ። ለብዙ ቦታ ሲያመለክቱ እንደ ኢንተርፎሊዮ ያለ የደብዳቤ ማስቀመጫ መምህሩን ከድካም ያድነዋል።

ከመላክዎ በፊት

የገጽ ገደብን ማለፍ፣ በዎርድ ፋይል መላክ፣ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም በደብዳቤው ላይ መቅረት፤ እነዚህ ሦስቱ እስካሁን ሰው ይጥላሉ። በላቲን ፊደል ስምና የሰነዱን ዓይነት የያዘ የፋይል ስም ይስጡ፤ ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩና በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ይዩ። ዲግሪና ትራንስክሪፕት በሌላ ቋንቋ ከሆነ በሕጋዊ ተርጓሚ የተረጋገጠ ትርጉም ይጠየቃል፤ ይህ ሳምንታት ስለሚወስድ አሁኑኑ ያሠሩት። የማመልከቻ ገጾች በመዝጊያው ሰዓት ይጨናነቃሉ፤ ሰዓቱም የዩኒቨርሲቲው አገር ሰዓት ነው። ከአንድ ቀን በፊት ያስገቡ። በስዊድን የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሕዝብ ሊያየው የሚችል ሰነድ እንደሆነም ይወቁ፤ አሁን ያሉበት መሥሪያ ቤት ሊሰማ ይችላል።

ቃለ መጠይቁ

የቪዲዮው ዙር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ከ5 እስከ 7 ጥያቄ ይነሳል፤ ስለዚህ መልስ ከ2 ደቂቃ አይበልጥ። የሚጠየቀው ይታወቃል፦ ምርምርዎን በሁለት ደቂቃ ይንገሩን፤ የመጀመሪያው ግራንትዎ ምን ይሆናል፤ ከኮርሶቻችን የትኞቹን ይሰጣሉ፤ ለምን እዚህ። ለእያንዳንዱ በድምፅ ይለማመዱ። በልብ የተሸመደደ ግን ይታወቃል፤ ነጥቦቹን እንጂ ዐረፍተ ነገሮቹን አይያዙ።

የግቢው ጉብኝት በአሜሪካ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል። ልቡ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ የሚሆነው የምርምር ንግግር ነው። ከ25 እስከ 30 ስላይድ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከአዳራሹ ውስጥ በሌላ ዘርፍ ላለው ሰው ይሁኑ፤ ድምፅ የሚሰጠው እሱም ነውና። ቀጣዮቹ 25 ደቂቃ አንድ ውጤትን በጥልቀት ያሳዩ። የመጨረሻዎቹ 10 ወደፊት የሚሠሩት ናቸው፤ ጊዜ ሲያጥር በብዛት የሚቆረጠው ይህ ክፍል ስለሆነ፣ ከመሐል የሚዘለሉትን ስላይዶች አስቀድመው ምልክት ያድርጉባቸው። ከተሰጠው ሰዓት አንድ ደቂቃ እንኳ ማለፍ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ይሆናል የሚል ሥጋት ያሳድራል።

በሕይወት ሳይንስ ያለ ስላይድ፣ በነጭ ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚደረግ ሌላ ክፍለ ጊዜ አለ፤ “ቾክ ቶክ” ይሉታል። ሰሚዎቹ መምህራን ብቻ ናቸው፣ በመሐል እየገቡም ይጠይቃሉ። ሰሌዳው ላይ በመጀመሪያ ትልቁን ጥያቄና ሦስቱን ዓላማዎች ይጻፉ፤ በጥያቄ ብዛት ሁለተኛው ላይ ባይደርሱ እንኳ ሦስቱም ታይተዋል። “ይህ ዘዴ ባይሠራስ?” ለሚለው አማራጭ ዘዴ ያዘጋጁ። አለማወቅ አይጥልም፤ ያላሰቡበትን እንዳሰቡበት ማስመሰል ግን ይጥላል።

በብሪታኒያ ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ንግግር፣ ከዚያ የኮሚቴ ጥያቄ። ሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ጠያቂዎቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ ባያበረታቱ አይደናገጡ፣ ነጥብ እየመዘገቡ ነው።

የሙከራ ትምህርት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይሰጣል። የሚወድቅበት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ የአንድ ሰዓት ትምህርት በ20 ደቂቃ ውስጥ መጨመቅ። አንድ ጽንሰ ሐሳብ ይምረጡ። ለ20 ደቂቃ የሚሠራ አከፋፈል ይህን ይመስላል፦

1. 2 ደቂቃ፦ ተማሪው ሊመልሰው የሚፈልገው ጥያቄ።
2. 6 ደቂቃ፦ ማብራሪያ፣ ከአንድ ምሳሌ ጋር።
3. 5 ደቂቃ፦ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚሠሩት ትንሽ ጥያቄ።
4. 5 ደቂቃ፦ መልሶቹን ሰብስቦ የተለመደውን ስህተት ማረም።
5. 2 ደቂቃ፦ ይህ ትምህርት ከሚቀጥለው ጋር የሚያያዝበት ነጥብ።

ተማሪ በሌለበት ለኮሚቴው ብቻ የሚያስተምሩ ከሆነ ተማሪዎቹ ስንተኛ ዓመት እንደሆኑና ምን እንደሚያውቁ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይናገሩ። ፕሮጀክተሩ ባይሠራ በሰሌዳ መቀጠል እንዲችሉ ዋናውን ሥዕል በእጅ መሳል ይለማመዱ።

ከተማሪዎችና ከአስተዳደር ሠራተኞች ጋር የሚደረገው ጭውውትም ቃለ መጠይቅ ነው። ምሳ ላይም ቢሆን። የሚጠይቁት ጥያቄ ይዘጋጅ፦ አዲስ መምህር በመጀመሪያው ዓመት ስንት ኮርስ ይሰጣል? የዶክትሬት ተማሪ የሚመደበው እንዴት ነው? ለቋሚነት ግምገማ የተጻፈ መስፈርት አለ? ደመወዝ ግን ዩኒቨርሲቲው የቅጥር ግብዣውን በይፋ እስኪያቀርብ ይቆይ።

ዝምታውና መልሱ

ከቃለ መጠይቅ በኋላ ሳምንታት ቢያልፉ ውድቀት ነው ብለው አይደምድሙ። ኮሚቴዎች ብዙውን ጊዜ በደረጃ የተቀመጠ ዝርዝር ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ሰው እስኪመልስ ሁለተኛው በዝምታ ይቆያል። ከተባለው ቀን ሁለት ሳምንት ካለፈ አንድ አጭር ኢሜይል ይጻፉ። ከሌላ ቦታ የቅጥር ግብዣ ካገኙ ግን ወዲያው ያሳውቁ፤ ኮሚቴው ውሳኔውን ሊያፈጥን የሚችልበት ሕጋዊ ምክንያት ይሆነዋል።

አልተቀበልንም ከተባለ ከሠንጠረዡ የትኛው ሳጥን እንደጎደለ ይጠይቁ፤ ለቃለ መጠይቅ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ መልስ ያገኛል። ለቃለ መጠይቅ ፈጽሞ የማይጠሩ ከሆነ ችግሩ ሰነዱ ላይ ወይም የቦታው አመራረጥ ላይ ነው። እየተጠሩ ካልተቀጠሩ ንግግሩ ላይ ነው። ሁለቱ የሚታከሙበት መንገድ ስለሚለያይ መለየቱ ብዙ ወራት ያድናል።

የቅጥር ግብዣው ሲመጣ

በስልክ ቢነገርዎ አመስግነው በጽሑፍ እንዲላክልዎ ይጠይቁ፤ ለማሰብ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መጠየቅ የተለመደ ነው። የሚደራደሩበት ነገር ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታኒያ ደመወዙ በእርከን የተቀመጠ ስለሆነ የሚጠየቀው ከእርከኑ የትኛው ነጥብ ላይ እንደሚጀመር ነው። በጀርመን የፖስትዶክ ደመወዝ በብዛት በ“ኢ13” እርከን ይከፈላል፤ ደረጃው በቀድሞ የሥራ ልምድ ስለሚወሰን የልምድ ማስረጃዎቹ ውል ከመፈረሙ በፊት መግባት አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። በአሜሪካ የረዳት ፕሮፌሰር ደመወዝ ብዙ ጊዜ የ9 ወር ነው፤ የበጋው ክፍያ ከግራንት ይመጣል። ሁለት ቅጥሮችን ሲያወዳድሩ ይህን ካላሰሉ ይሳሳታሉ።

የቤተ ሙከራ ሰው ከሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ለማቋቋም የሚሰጠው የመነሻ ገንዘብ ከደመወዙ ይበልጥ የወደፊቱን ይወስናል። “ተጨማሪ ገንዘብ” ብለው አይጠይቁ፤ የመሣሪያ ዝርዝር ከአቅራቢ ዋጋ ጋር፣ የአንድ ቴክኒሻን የ2 ዓመት ደመወዝ፣ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና የጭስ ማውጫ ያለው ክፍል ስፋት በካሬ ሜትር፣ ክፍሉ ዝግጁ የሚሆንበት ቀን። ገንዘቡ በስንት ዓመት ውስጥ ካልወጣ ተመላሽ እንደሚሆንም ይጠይቁ። ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ጥናት ላይ ላሉ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ጊዜ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ኮርስ ቅናሽ፣ ቢያንስ አንድ ኮርስ ሁለት ጊዜ የመስጠት ዕድል፣ ለመረጃ ስብሰባ ጉዞ የሚሆን በጀት።

የተስማሙበት ሁሉ በደብዳቤው ላይ ይስፈር። ቃል የገባልዎ የትምህርት ክፍል ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ውሉ ውስጥ የሥራ መጀመሪያ ቀን፣ የውሉ ርዝመት፣ የግምገማው ዓመት፣ የማስተማር ጫናና የጉዞ ወጪ መኖራቸውን አንድ በአንድ ይፈትሹ። ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ከሆነ የሥራ ፈቃዱን የሚያስጀምረው ማን እንደሆነና ለቤተሰብ የሚፈለገውን ሰነድ ያጣሩ። ውሉ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ የሥራ ፈቃዱ እጅዎ እስኪገባ ድረስ አሁን ካሉበት ሥራ አይልቀቁ፤ ሌሎች ማመልከቻዎችዎንም የሚያነሱት ያኔ ነው፣ በዚያው ቀን ግን ለሁሉም ይጻፉ፤ በዝርዝሩ ሁለተኛ ሆኖ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለና።